ማድ ቤትን ስለ ማደስ

(የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተከበረበት ሳምንት በተማሪዎች የንግግር ጉባኤ ላይ የቀረበ)



የንግግሬ አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ከወንዶቹ ጓደኞቼ ብዙዎቹ እንደ ሣቁብኝ አልደብቃችሁም። ከእኔ በፊት የተናገሩት አንዱ ስለ ሰማይ ከዋክብት፥ ሌላው ስለ አገር ፍቅር አስረድተዋል። እኔ ግን ስለ ማድ ቤት ልናገር ነው። አንዱ ጓደኛዬማ «ሴት ከማጀት፥ ወንድ ከችሎት» የሚለውን ተረት በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ተረቱን ዐውቀዋለሁ። ነገር ግን በሰፈራችን እንዳየሁት፥ ማጀቱ ፈርሶ እንደገና በሚሠራበት ጊዜ ዕቅዱን የሚያወጣው፥ ከግንበኛው ጋራ የሚዋዋለው፥ በሩ ወዴት መስኮቱ ወዴት ይሁን ብሎ የሚቈርጠው ያው ከችሎት የመጣው ወንድ ነው። በማጀቱ የምትውለው ሴት የምታየው ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ስሕተትና ከርሱ ስለሚወለዱት ልዩ ልዩ ስሕተቶች ነው። ከስሕተት አድራጊዎቹ አንዱ እኔ ራሴ ስለ ሆንሁ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም።

የቀድሞው ማድ ቤታችን ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ የቆመ፥ ግድግዳው ጭቃ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ አሮጌ ቤት ነበር። አባቶቻችን ማድ ቤቱን ከመኖሪያው መለየታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጣራው ሣር በነበረበት ዘመን አንድ የእሳት ፍንጣሪ ቤቱን በሙሉ ሊበላው ይችል ነበርና። እኛም ቦታውን ሳንለቅ አሮጌውን አፍርሰን በብሎኬት ልናሠራው ተነሣን። ገንዘቡ የእናቴ ዕቁብ ነበር። ዕጣው በወጣላት ጊዜ ለራሷ ልብስ ወይም ጌጥ ሳትል ለማድ ቤቱ አዋለችው። አባቴም «አንተ በትምህርት ቤት ንድፍ ትማር የለም እንዴ፤ በል ንደፍልን» አሉኝ።

እኔም በካሬ ወረቀት ላይ በማስመሪያና በሹል እርሳስ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ክፍል ነደፍሁ። ምሳሌ ያደረግሁት በአንድ የውጭ አገር መጽሔት ያየሁትን ሥዕል ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሄድ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባንኮኒ፥ ከመስኮቱ ሥር የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ፥ ከበላይ መዝጊያ ያለው መደርደሪያ፥ ወለሉ ነጭ ሴራሚክ፥ ጣራው ነጭ ኮርኒስ። ሥራው ባለቀ ጊዜ ጐረቤቱ ሁሉ እየገባ አደነቀ። አባቴም «ልጄ ነው የነደፈው» እያሉ ያስጐበኙ ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ እናቴ ከጓሮው አጥር ሥር ላስቲክ ወጥራ፥ ሦስት ጉልቻ ጐልታ እንጀራዋን እዚያ መጋገር ጀመረች። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ማድ ቤት ሻይ ማፍያ ሆነ። እኔም በልቤ «ልማድ አልለቅ ብሏት ነው» ብዬ አማኋት። አንድ ቀን ግን የግራ ክንዷን በጨርቅ ጠቅልላ አየኋትና ምን እንደ ሆነች ጠየቅኋት። «ያን ባንኮኒህን ተወኝ» አለችኝ። «ምጣዱ ከላዩ ሲቀመጥ ደረቴ ይደርሳል፤ ክዳኑን ሳነሣ እንፋሎቱ ክንዴን ላጠው። ከዚያ ወዲህ አልገባሁበትም።» አባቴ ይህን በሰሙ ጊዜ «ታዲያ ሲሠራ ለምን አልተናገርሽም?» ብለው ጠየቋት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ቍጣ አልነበረባትም። ማሰሻዋን አንሥታ ምጣዱን አሰሰችና ሥራዋን ቀጠለች። እኔና አባቴ ግን ያን ዕለት ራት እስኪቀርብ ድረስ እርስ በርሳችን ሳንነጋገር ቆየን።

ከዚህ በኋላ ነገሩን በመጻሕፍት መመርመር ጀመርሁ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል የኦስትሪያ ተወላጅ አርክቴክት በጀርመን አገር ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች የሚሆን ማድ ቤት ነድፋ ነበር። ወርዱ 1 ሜትር ከ90፥ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ40 ያኽል ብቻ ነው። የቤት እመቤቲቱ ከምድጃ ወደ ማጠቢያ፥ ከማጠቢያ ወደ መደርደሪያ የምትራመደው እርምጃና በያንዳንዱ ሥራ ላይ የምታጠፋው ጊዜ እየተለካ የወጣ ንድፍ ነው። በ10,000 ያኽል ቤቶች ውስጥ ተተከለ፤ ዛሬ በየመጽሔቱ የምናየው ባንኮኒና የግድግዳ ሣጥን ያለው ማድ ቤት ከርሱ ብዙ ወርሷል። ይህችው ሴት ግን በኋለኛው ዘመኗ፥ ያን ንድፍ ከማውጣቷ በፊት ቤት አስተዳድራም ሆነ ምግብ አብስላ እንደማታውቅ ራሷ ተናግራለች። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ጥቂት ተጽናናሁ። ነገር ግን እርሷ ያልቀመሰችውን ድካም ቢያንስ ለካችው፤ እኔ አልለካሁም። ደግሞም የፍራንክፈርት ሰው ዳቦውን ከዳቦ ቤት ይገዛል እንጂ በየሦስት ቀኑ 40 እንጀራ አይጋግርም። የርሱ ማድ ቤት ለምጣድ፥ ለቡሃቃና ለሙቀጫ ቦታ አይፈልግም። ከዚያች ሴት ልንወስድ የሚገባን መለካቱን እንጂ መልኩን አልነበረም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜትርና ጠመኔ ይዤ ከላስቲኩ ሥር ከማለዳ እስከ ቀትር ከእናቴ ጋራ ዋልሁ። መጀመሪያ ሣቀችብኝ፤ በኋላ ግን ራሷ «ይህንንም ጻፍ» ትለኝ ጀመር። ዱቄቱ ከጓዳ ይመጣል፤ ከቡሃቃው ገብቶ ይቦካል፤ አብሲቱ በድስት ከእሳት ላይ ይበስላል፤ ተመልሶ ከሊጡ ይቀላቀላል፤ ሊጡ እየተቀዳ ከምጣዱ ዳር ጀምሮ ወደ መኻል እየዞረ ይፈሳል፤ እንጀራው ዓይን ሲያወጣ ይከደናል፤ ሲበስል በሰፌድ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ሞሶቡ ይሄዳል። በዚያ ቀን 40 እንጀራ ጋገረች። ሞሶቡ ጢስና ፍንጣሪ እንዳይነካው ከቤቱ ጥግ ስለ ተቀመጠ ከምጣዱ 9 እርምጃ ይርቅ ነበር። ደርሶ መልሱ 18 ነው፤ በ40 ሲባዛ 720 እርምጃ ይሆናል። ይህ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ እንጀራ ከማስቀመጥ በቀር ለሌላ ሥራ አልዋለም።

እንግዲህ በአገራችን ማድ ቤት የሚያድስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሊያሰምረው የሚገባው ይህን የእንጀራን መንገድ ነው፤ ግድግዳው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በመጽሔት ከማጠቢያው፥ ከምድጃውና ከማቀዝቀዣው መካከል ስላለው ርቀት ብዙ ይጻፋል። ለወጥ ያ መልካም ነው። ለእንጀራ ግን ቡሃቃው ከምጣዱ በስተቀኝ በክንድ ርቀት፥ ሰፌዱና ሞሶቡ በስተግራ በክንድ ርቀት ሲሆኑ ጋጋሪዋ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ትጨርሳለች። ለግራኝ ደግሞ ይገለበጣል፤ እናቴ ቀኟ ስለ ሆነ እንዲህ አደረግነው። ሸክላው 60 ሴንቲ ሜትር ያኽል ወርድ ስላለው ከነማቀፊያው ሲታሰብ ለርሱ ብቻ የ1 ሜትር ቦታ መተው ይሻላል። በሩም ይታሰብ። እኔ በሩን 70 ሴንቲ ሜትር አድርጌው ኖሮ ምጣዱን ስናስገባ በጐን አዙረን፥ ሁለት ሰው ተሸክሞት፥ የመቃኑን ቀለም ፍቀን ነው ያለፍነው።

ስለ ቁመት የተማርሁትን ልንገራችሁ። ሰው ቆሞ የሚሠራበት ጠረጴዛ ክንድ ሲታጠፍ ከክርን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ቢሆን ትከሻ አይደክምም። 90 ሴንቲ ሜትር የሚለው ቁጥር ለረዥም ሰው የወጣ ነው፤ እናቴ ግን ቁመቷ 1 ሜትር ከ55 ነው። ምጣድ ደግሞ ራሱ ቁመት ስላለውና ሊጡ ከላይ ስለሚፈስበት ከሌላው ጠረጴዛ በጣም ዝቅ ያለ ማስቀመጫ ይፈልጋል። ትክክለኛውን ቁመት ከመጽሐፍ አላገኘነውም። እናቴ ከባዶ ግድግዳ አጠገብ ቆማ ሊጥ እንደምታፈስ እጇን ዘረጋች፤ እኔም በከሰል አሰመርሁ። ለሽንኩርት መክተፊያው አንድ መሥመር፥ ለማጠቢያው አንድ መሥመር፥ ለላይኛው መደርደሪያ አንድ መሥመር አደረግን። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ በፊት ግን የንድፉን ወረቀት ለማሳመር ብቻ ሦስት ማታ አጥፍቼ ነበር።

ሌላው ያልገመትሁት ነገር ሊጡ ነው። ብርድ ባለበት አገር ሊጥ ለመቡካት ሙቀት ይሻል። አሮጌው ማድ ቤት ከእሳቱ ትኩሳት የተነሣ ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ ያድር ነበርና እርሾው ይሠራ ነበር። ነጩ ሴራሚክ ግን እንደ በረዶ ነው። ቡሃቃውን ከርሱ ላይ ባኖርነው ጊዜ በሁለት ቀን ይቦካ የነበረው ሊጥ አራት ቀን ቆየ፤ እንጀራውም ዓይኑ ጠፋ። አሁን ቡሃቃው ከወለሉ ከፍ ባለ የእንጨት መቀመጫ ላይ፥ ከምድጃው ጐን ነው የሚያድረው።

ስለ ሴራሚክ ካነሣሁ አይቀር፥ ሙቀጫውን ከላዩ አስቀምጠን በርበሬ በዘነዘና ስንወቅጥ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ ተሰነጠቁ። ውሃ ሲነካቸውም ያንሸራትታሉ። ገንዘብ ያለው ሰው ሻካራውን ዐይነት ይምረጥ፤ የሌለው ጥሩ ሊሾ ያድርግ፤ ለሙቀጫው ግን በአንድ ጥግ ድንጋይ ወይም ወፍራም ሲሚንቶ ይተውለት። እናቴ ስለዚህ ሳነሣባት እስከ ዛሬ ትሥቃለች።

አሁን ወደ ጢሱ ልምጣ፤ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ብዘገይ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በቤታችን ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ነበርና። በአሮጌው ማድ ቤት በግድግዳውና በጣራው መካከል ክፍተት ነበረ። መልኩ ያስጠላል፤ ወፍም ይገባበታል፤ ነገር ግን ጢሱ ተንሳፎ በዚያ ይወጣ ነበር። እኔ ቤቱ እንዲያምር ብዬ ኮርኒስ አስመታሁ፤ ክፍተቱን ሁሉ አስደፈንሁ። በኤሌክትሪክ ስለምንጋግር ጢስ አይኖርም ብዬ አሰብሁ። መብራት በጠፋ ጊዜስ? ይህን አልጠየቅሁም። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሳለ እናቴ የከሰል ምድጃ ይዛ ወደ አዲሱ ማድ ቤት ገባች። ውጭው ዝናብ ስለ ነበረ በሩን መለሰችው። ታናሽ እኅቴ ከአጠገቧ ተቀምጣ ታጠና ነበር። ጥቂት ቆይቶ እኅቴ ራሷን አመማት፤ ወደ ላይም አላት፤ ስትነሣ ጕልበቷ ከዳትና ወደቀች። እግዚአብሔር ረድቶን አባቴ በሩን ከፍተው አወጧቸው።

የከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣል። መልክ የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ጢስ ሳይታይ ይገድላል። ክፍተት ያለው አሮጌ ጎጆ ከዚህ አየር ይጠብቀን ነበር፤ ያማረው አዲሱ ቤት ግን አሳልፎ ሊሰጠን ነበር። ከዚህም ሌላ ቀስ ብሎ የሚገድለው የማገዶ ጢስ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ በሚፈጠረው የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከምድጃው አጠገብ ስለሚውል ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ፥ በኤሌክትሪክ እጋግራለሁ የሚል ሰውም ቢሆን ማድ ቤቱን እሳት እንደሚነድበት አድርጎ ያቅድ። ዝቅ ብሎ በበሩ ወገን ንጹሕ አየር መግቢያ፥ ከፍ ብሎ በተቃራኒው ግድግዳ መውጫ ይኑረው፤ የሞቀ አየር ሽቅብ እንደሚወጣ በፊዚክስ ተምረናል። እነዚህ ክፍተቶች መዝጊያ አይደረግላቸው፤ መዝጊያ ያለው ነገር በብርድ ጊዜ ይዘጋልና። ወፍ ለመከልከል ወንፊት ሽቦ ይበቃል። ጢስ መውጫው ከጣራው አናት 60 ሴንቲ ሜትር ያኽል ከፍ ይበል፤ ካጠረ ነፋሱ ጢሱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ሁለተኛም ምድጃው ይታሰብ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የተሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚበጅ ሲሆን እሳቱን ከቦ ስለሚይዝ ከጉልቻ ጋራ ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያኽል ያተርፋል። ከኋላው በሚወጣው ትኩሳትም ድስት ይጣድበታል። አብሲት ለማብሰል ከዚህ የተመቸ ነገር አላየሁም። ከሰል ግን፥ ምድጃው የቱንም ያኽል ቢሻሻል፥ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይግባ።

በፎቅ ቤት የሚኖሩት ዘመዶቻችን ነገር ከዚህ ይለያል። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማድ ቤታቸው ጠባብ ስለ ሆነ፥ እንጀራ ለመጋገርና በግ ለማረድ የሚያገለግል የጋራ ሕንፃ በግቢያቸው ተሠርቶላቸዋል። በዚያ የሚኖር ሰው ግድግዳ ልነቅል ከማለቱ በፊት ግድግዳው የሕንፃው ተሸካሚ መሆን አለመሆኑን መሐንዲስ ይጠይቅ። ከዚህ በላይ ስለ ፎቅ የምለው የለኝም፤ ኖሬበት አላውቅምና።

ስለ ኤሌክትሪክ ወንዶቹ ጓደኞቼ አሁን ጆሯቸውን ያቀናሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያኽል ይወስዳል። ይህን ለ220 ቮልት ብናካፍለው 16 አምፔር ያኽል ነው። በፈተና ብዙ ጊዜ ያሰላነው ሒሳብ ነው፤ ነገር ግን እኔ ቤቴን ስነድፍ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰላሁትም! ለመብራት የተዘረጋውን ቀጭን ሽቦ አስቀጥለን ተራ ሶኬት አደረግንበት። እንጀራ ደግሞ በሁለትና በሦስት ሰዓት ያለ ማቋረጥ ይጋገራል። በሁለተኛው ሳምንት ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቈረ። ለመብራት 1.5፥ ለተራ ሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሲዘረጋ፥ ምጣድ ግን 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፥ ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው የሚነሣ፥ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው መሥመር ይፈልጋል። ማድ ቤት ውሃ የማይጠፋበት ቦታ ስለ ሆነ የመሬት ሽቦውን መዝለል በነፍስ መጫወት ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ባለሙያ ይሁን፤ እኔ ሒሳቡን እንጂ ሽቦውን አልነካሁም።

ስለ መብራቱም አንድ ቃል ልጨምር። አምፖሉን ከጣራው መኻል ብቻ ያንጠለጠልን እንደ ሆነ፥ ከባንኮኒው ፊት የቆመች ሴት በራሷ ጥላ ውስጥ ሆና ትከትፋለች። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ትንሽ መብራት ይህን ያስቀራል።

ውሃን በሚመለከት የኛ ገንዳ ለብርጭቆና ለሳሕን እንጂ ለብረት ድስት አልሆነም። የበዓል ድስት ከርሱ አይገባም። ስለዚህ በወለሉ አጠገብ ዝቅ ያለ፥ ጠርዝ ያለው ማጠቢያ ከነቧንቧው ቢኖር ለድስቱም ለቡሃቃውም ይሆናል። የፍሳሹ ቧንቧ በያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያኽል ዝቅ እያለ ይሂድ፤ ከገንዳውም ሥር ውሃ የሚይዝ ጥምዝ ቧንቧ ይደረግለት፤ ያለዚያ የጕድጓዱ ሽታ ተመልሶ ቤት ይገባል። የቡና አተላ ከቧንቧው ውስጥ አይደፋ። ቧንቧ ለሚቋረጥበት ሰፈር የበርሜል ቦታ ይታሰብ፤ ሙሉ በርሜል ውሃ 200 ኪሎ ያኽል ስለሚመዝን እንደ ማሰሮ የትም አይጐተትም።

አንድ ነገር ከመጽሔቱ ሥዕል ጨርሶ የቀረ ነበር። በዚያ ሥዕል ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማለች። በእኛ ቤት ግን ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሲከተፍ አክስቴ ትመጣለች፤ የጐረቤት እትዬ ትመጣለች፤ እኅቴ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ሁሉም በበርጩማ ተቀምጠው፥ ዓይናቸው እያለቀሰ አፋቸው እየሣቀ ይሠራሉ። የሰፈሩ ወሬ የሚሰማው፥ የታመመ የሚጠየቀው፥ የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው። እኔ ባንኮኒውን ዙሪያውን አስኪጄው ስለ ነበረ ሦስት በርጩማ የሚያኖር ወለል አልቀረም፤ አክስቴም ደጃፍ ቆማ «ምነው፥ እኛን ላለማስገባት ነው?» አለች። በፍራንክፈርቱም ማድ ቤት ላይ ብዙዎች ያቀረቡት ወቀሳ ለሁለት ሰው አይበቃም የሚል ነበር። በእኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ጕድለት የከበደ ነው። ስለዚህ የባንኮኒውን አንድ ወገን አፈረስነው፤ በቦታው ምንም አላደረግንበትም። ረከቦቱ የሚቀመጠው አሁን እዚያ ነው። ከማድ ቤቱ ሁሉ በጣም የምንጠቀምበት ስፍራ ይህ ባዶው ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በሉቃስ ወንጌል ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚወድና አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ስለማይቈጥር ሰው አስተምሯል። ይህን ምዕራፍ በትምህርት ቤታችን ጸሎት ቤት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ከብሎኬትና ከአሸዋ ጋራ አገናኝቼው አላውቅም ነበር። እኛ የዕቁቡን ገንዘብ እስከ መጨረሻው ሳንቲም መደብነው። አሮጌው ግድግዳ ሲፈርስ ምሰሶዎቹ በምስጥ ተበልተው፥ የጣራው እንጨት መቀየር ያለበት ሆኖ ተገኘ። ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። አሮጌ ቤት የሚነካ ሰው ከገንዘቡ ከመቶ 15 ያኽሉን ለብቻ አስቀምጦ፥ እስከ መጨረሻው እንደሌለው ይቍጠረው። ከሠራተኛውም ጋራ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያውም ሥራው እየታየ በየደረጃው ይሁን። እኛ ግማሹን አስቀድመን ስለ ከፈልን ሦስት ሳምንት ያለን ሥራ ሰባት ሳምንት ፈጀ። የማንንም ስም አላነሣም፤ ጥፋቱ የእኛም ነበርና።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ ችኰላችንም ብዙ አስከፈለን። ለመስከረም በዓል ይድረስ ብለን በሰኔ ስለ ጀመርን ጭቃና ዝናብ ተጫወቱብን። ልስኑ ካለቀ በኋላ የውሃ ቧንቧ አልገባም ተባለና አዲሱ ግድግዳ ተፈነቀለ። ተራው እንዲህ መሆን ነበረበት፤ መጀመሪያ ማፍረስና ጣራ፥ ቀጥሎ ከግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ቧንቧና ሽቦ፥ ከዚያ ልስን፥ ከዚያ ወለል፥ መደርደሪያው ከሁሉ በኋላ። ሲሚንቶ ከተደፋ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው። እኛ በሦስተኛው ቀን በርሜል አቆምንበትና ተሰነጠቀ። ደግሞ እነዚያን ሰባት ሳምንታት ምግብ የት እንደሚበስል ማንም አላሰበበትም ነበር። እናቴ ግን በረንዳው ላይ ነፋሱን በቆርቆሮ ከልላ አንድ ቀን ራት ሳታጐድልብን አሳለፈችው። የላስቲኩ ዳስ ሐሳብም የመጣላት ከዚያ ነው።

እርማቱን የጀመርነው ባለፈው የካቲት ነው። አባቴ ከደመወዛቸው በየወሩ እየቈጠቡ የሽቦውንና የምድጃውን ወጪ ቻሉ፤ እኔ የምጣዱን ማስቀመጫና የቡሃቃውን መቀመጫ በዕረፍት ቀኖች ከእንጨት ሠራሁ። ኮርኒሱን አነሣነው። ጢስ መውጫው ገና አልተጨረሰም፤ ግማሹ ቆሟል፤ የቀረው ቆርቆሮ እስኪገዛ ከሰል በደጅ ይነዳል። የእናቴ ክንድ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። ላስቲኩን በፋሲካ ዋዜማ ራሷ አጥፋ አኖረችው።

ሁለቱን ንድፎች ከመድረኩ ጐን ባለው ጠረጴዛ ላይ አኑሬአቸዋለሁ፤ በቀይ እርሳስ የተሰረዘው የመጀመሪያው ነው። ስለ ሽቦውና ስለ ሒሳቡ የሚጠይቀኝ ቢኖር እዚያው እቆያለሁ። ስለ ምጣዱ ግን እናቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለችና እርሷን ጠይቋት።